የጓሮው ዓመትና የማዕድ ቤቱ ዓመት

ዘመን የሚለወጠው መስከረም 1 ቀን መሆኑን የማያውቅ ልጅ የለም። ዳሩ ግን ጓሮውን ሲኰተኵት፣ ከጓሮውም የቀጠፈውን በገዛ እጁ ሲያበስል ዓመቱን ያዞረ ሰው፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓመታት ጎን ለጎን እንደሚጓዙ፣ የአንደኛውም መባቻ ከሁለተኛው መባቻ ጋር እንደማይገጥም ሳያስተውል አይቀርም። የጓሮው ዓመት የሚመራው በዝናም ነው፤ ሰኔ ሲገባ ይነቃል፣ መስከረም ሲጠባ ይፋፋል፣ ከጥር ወዲህ እየጠወለገ ሄዶ የበልግ ዝናም ካልደረሰለት በቀር ይተኛል። የማዕድ ቤቱ ዓመት ግን የሚመራው በጾምና በፍስክ ስለ ሆነ ሰማዩን አያይም፤ የሚያየው የበዓላትና የአጽዋማት መቍጠሪያ የሆነውን ባሕረ ሐሳብን ነው።

ይህን የምጽፈው በአዲስ አበባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሰፈር ተቀምጬ፣ ከቤታችን ኋላ ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ያለፈውን ዓመት እያሰብሁ ነው። ያበቀልነው ብርቅ ነገር አይደለም፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ቃሪያ፣ አንድ የዱባ ሐረግ፣ በአጥሩም ሥር በሶብላ፣ ጤና አዳምና ኮሰረት ናቸው። ነገር ግን እነዚህን ከድስቱ ጋር ሳስታርቅ ከርሜ ዓመቱን ስጨርስ፣ ስለ አገራችን ምግብ አንድ ነገር ግልጥ ሆኖ ታየኝ፤ ይኸውም ምድሪቱ አብዝታ የምትሰጥበት ወራት ገበታው ከዕፅዋት አብዝቶ የሚጠይቅበት ወራት አለመሆኑ፣ በሁለቱም መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተት የምትሞላው ባልትና መሆኗ ነው። ባልትናን ተራ የጓዳ ሥራ አድርገው የሚመለከቱ ሰዎች፣ አንድ ዓመት ቀርበው ቢከታተሏት፣ መቼ ምን እንደሚሰጣ፣ መቼ ምን እንደሚከካ፣ ምን ያህልስ ለመቼ እንደሚቀመጥ አስቀድማ የምትቀምር፣ አጥብቃም የምታስብ ጥበብ ሆና ባገኟት ነበር።

እንግዲህ ከመስከረም እንጀምር። በዚህ ወር የሚጎድል ነገር የለም። የበቆሎው እሸት ሳያልቅ የባቄላው እሸት ይከተላል፣ ጎመኑ ቀጥፈው የማይጨርሱት ይሆናል፣ ክረምቱን በብስባሹ ክምር ላይ ሲሳብ የከረመው ዱባም ፍሬውን ያሳያል። የዱባን ጠባይ ያልመረመሩ ብዙ ሰዎች «አበባው ሞልቶ ሳለ ፍሬው ወዴት ሄደ?» እያሉ ይደነቃሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሐረጉ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀድመው የሚፈነዱት ወንዴዎቹ ስለ ሆኑ ፍሬ ከነርሱ አይጠበቅም፤ ሴቴዋ የምትታወቀው ከአበባዋ ሥር ባለችው ትንሽ ክብ እብጠት ነው። ዝናሙ ሲበረታ ደግሞ ንቦች ከቀፏቸው ስለማይወጡ፣ ሴቴዎቹ ሳያፈሩ ይረግፋሉ። በእንዲህ ያለ ጧት አንዱን ወንዴ አበባ ቈርጦ የብናኙን ዱቄት በሴቴዋ ላይ በእጅ መነካካት የንብን ሥራ ይተካል። ልጡ ጥፍር የማይበሳው እስኪሆን ድረስ የበሰለ ዱባ፣ ደረቅና ነፋሻ ቦታ ካገኘ ብዙ ወራት ይቀመጣል፤ ከመስከረም ጥጋብ ወደ ጾሙ ወራት ሳይደርቅና ሳይፈጭ፣ እንዳለ የሚሻገረው የጓሮ ፍሬ እርሱ ነው ለማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሲሳይ በሚትረፈረፍበት ጊዜ ግን፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር በሕግ የታዘዘ ጾም የለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ዘመነ ጽጌ ለወደደ ብቻ የሚጾም የፈቃድ ጾም ነው። ስለዚህ ጎመኑ በጓሮ እያረጀ፣ ማዕድ ቤቱ ቅቤና ሥጋ ያበስላል።

ጥቅምት ሲጋመስ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል፤ ከማረቆና ከሀላባ የሚመጣው ዛላ በርበሬ በየገበያው ይከመራል። በርበሬ የምግባችን መልክና ጠባይ ቢሆንም ትውልዱ ከባሕር ማዶ ከአሜሪካ ምድር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1492 ዓ.ም. በፊት የኖሩ አበው በርበሬን አንድ ቀን እንኳ አልቀመሱትም፤ የሚያቃጥላቸው ቁንዶ በርበሬንና ጥምዝን የመሰለው ቅመም ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በርበሬ የገባበት ቀይ ወጥ ሳያዩ ማረፋቸውን ማሰብ፣ ለእኔ ያንን ዘመን ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ አርቆ ያሳየኛል።

የበርበሬ ዝግጅት ጓሮውና ማዕድ ቤቱ በቀጠሮ የሚገናኙበት የዓመቱ ትልቅ ሥራ ነው። ዛላው ተለቅሞ፣ ተቀንጥሶ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ፣ በሙቀጫ እየተወቀጠ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል፤ ድልዙ ተከድኖ አድሮ መዓዛው ከተዋሐደ በኋላ እንደ ገና ይሰጣል፣ ኮረሪማው፣ ጥቁሩና ነጩ አዝሙድ፣ አብሹና ጨው ተጨምሮበት ወደ ወፍጮ ይሄዳል። እርጥብ ድልዝ ያለ ሻጋታ እንዲደርቅ ጥርት ያለ ሰማይና ደረቅ አየር ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የሚሰጠው ከዝናሙ መቋረጥ በኋላ ያለው ወራት ነው። በሶብላ በበኩሉ ውርጭን የማይችል ተክል ስለ ሆነ፣ የኅዳር አመዳይ አንድ ሌሊት ካገኘው ጠቁሮ ያድራል። እንግዲህ በሶብላው አብቦ መዓዛው ከጠነከረበት ቀን አንሥቶ ውርጩ እስከሚወርድበት ሌሊት ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው፤ በርበሬው ወደ ገበያ የሚደርሰውም በዚያው ጊዜ ነው። ጎረቤታችን እማማ ይህን በመጻሕፍት አላነበቡትም፤ ነገር ግን ጥቅምት እንደ ገባ በአጥሩ ላይ አሻግረው «ልጄ፣ በሶብላውን አመዳይ ሳይመታው ልቀሚው፤ ደግሞ ከነአበባው እንጂ ቅጠሉን ብቻ እንዳይሆን» አሉኝ። እኔም «እሺ እማማ፣ ዛሬውኑ፤ እርስዎም ሲደለዝ መጥተው ይዩልኝ» አልኋቸው፤ መጡም፤ የዝንጅብሉንም ልክ ለክተው ሄዱ።

ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ ጓሮው ገና የሚሰጠው አለው። የድንቹንና የቃሪያውን ቅጠል የሚያጠወልገው ብርድ ጎመንን አይደፍረውም፤ የታችኛውን ቅጠል እየቀጠፉ የላይኛውን እንቡጥ ከተዉለት እስከ ልደት ድረስ ያደርሳል። ስለዚህ ስለ ነቢያት ጾም ብዙ የምለው የለኝም፤ ከጾሞች ሁሉ ለአትክልተኛ የሚመቸው እርሱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከጥምቀት ወዲህ ነው። ጉድጓድ የሌለው ሰው በዚህ ጊዜ ጓሮውን የሚያቆየው በማዕድ ቤቱ ውሃ ነው፤ ሳሙና ያልገባበት የእህልና የአትክልት እጣቢ ሁሉ ወደ መደቡ ይሄዳል፣ የምድጃው አመድም ይከተለዋል። አመድ በውስጡ ፖታሲየምና ኖራ መሰል ነገር ስላለው የመሬትን ኮምጣጣነት ያበርዳል፣ ለጎመንም ይስማማዋል፤ ለድንች ግን ሲበዛ ልጡን የሚያሻክረውን የእከክ በሽታ ስለሚያበረታ መቈጠብ ይገባል። ከገጠር ቤቶች ኋላ ያለው መሬት ከሩቁ ማሳ ይልቅ የሚጠቁረውና የሚለመልመው፣ አመዱ፣ ፍጉና ጥራጊው ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለ ተጠራቀመበት ነው። ከተሜው ይህን በላስቲክ አስሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ይሰጣል፤ ከዚያም ለም አፈር በገንዘብ ይገዛል። ነገሩ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

በባሕረ ሐሳብ ስሌት ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ አይገባም፣ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። ስለዚህ 55ቱ ቀኖች ምን ጊዜም ቢሆን የሚያርፉት ምድሪቱ በደረቀችበት፣ ወይም የበልጉ ዝናም በሚያመነታበት ወራት ላይ ነው። ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤውና እንቁላሉ በአንድ ሌሊት ከገበታው ሲወገዱ፣ ማዕድ ቤቱ ወደ ጓሮው ዞሮ ይጠይቃል፤ ጓሮው ደግሞ የሚመልሰው ጥቂት ቆስጣ ብቻ ነው። በዚህ ክፍተት ላይ ነው አያቶቻችን ድንቅ ሥራቸውን የሠሩት።

ሽሮን እንመልከት። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ያህል ነው፤ የአየሩ ጫና አነስተኛ ስለ ሆነ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ነገር ግን ፍላቱ የሚሰጠው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ ሽምብራን ወይም አተርን ሳይከኩ እንዳለ በድስት ቀቅሎ ማለስለስ ብዙ ሰዓትና ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ባለሙያዋ ግን እህሉን ለቅማ፣ አምሳና ከክታ፣ ገለባውን አበጥራ፣ ቅመሙን ጨምራ ታስፈጨዋለች። በማመሻው ምጣድ ላይ እህሉ ከፈላ ውሃ እጅግ የበለጠ ሙቀት ስለሚያገኝ፣ የከፍታው ነገር በዚያ አያግደውም፤ ዱቄት ከሆነ በኋላም ሙቀቱ ቶሎ ስለሚዘልቀው ወጡ በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። የደጋው ሰው የፊዚክስን ሕግ ሳይማር በወፍጮና በምጣድ አመለጠው ማለት ነው። ሽሮ የሚዘጋጀው ጥራጥሬው ከአውድማ ገብቶ ዋጋው በረከሰበት፣ ፀሐዩም በጸናበት በበጋው ወራት ስለ ሆነ፣ ዐቢይ ጾም ሲደርስ ከጓሮው ምንም ባይገኝ ድስቱ ባዶውን አይውልም።

ከሽሮ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ስልጆ ነው፤ ዛሬ በብዙ የከተማ ቤት እየተረሳ በመሄዱም አዝናለሁ። የሱፍ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲታሽና ሲጠለል፣ ወተት የሚመስል ነጭ ውሃ ይወጣዋል፤ የባቄላ ዱቄት በዚህ ውሃ ተማስሎ ገንፎ እስኪመስል ይበስላል። ከቀዘቀዘ በኋላ የተፈጨ ሰናፍጭ ይጨመርበታል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳምም ይገባበታል፣ ተከድኖም ጥቂት ቀን ሲቀመጥ ይብላላል፣ ይኮመጥጣል። ባቄላው ገንቢውን፣ ሱፉ ቅባቱን፣ ሰናፍጩ አፍንጫ የሚከፍተውን ኃይል ሲሰጡ፣ መብላላቱ ደግሞ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። ከጓሮው የተወሰደው አንድ ሁለት የጤና አዳም ቀንበጥና ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው፤ ጤና አዳም ደግሞ ድርቁን የሚታገሥ ቍጥቋጦ ነው።

በዚሁ ጾም የሽንኩርት ማቁላላትን ጉዳይ በደንብ የማየት ዕድል አገኘሁ። ቀይ ሽንኩርቱ ደቅቆ ያለ ዘይት በድስቱ ውስጥ ሲማሰል፣ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከውሃው ፍላት በላይ አይወጣም፤ ስለዚህ ሽንኩርቱ ይለሰልሳል እንጂ አይጠቁርም። ውሃው ሲያልቅ ነው ውስጡ ያለው ስኳር መቅላት የሚጀምረው፤ በርበሬውና ዘይቱ የሚገቡትም በዚህ ጊዜ ነው። የፍስክ ወጥ ላይ ቅቤው ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፤ የጾም ወጥ ግን የሚሸፍንለት ስለሌለ፣ ያልተቁላላ ሽንኩርት ከነጥሬነቱ ይጋለጣል። የባለሙያ እጅ ሊፈተን ቢያስፈልግ በዶሮ ወጥ ሳይሆን በስቅለት ሰሞን ምስር ወጥ መሆን ይገባዋል ባይ ነኝ።

ፋሲካ አልፎ በዓለ ኀምሳው ሲገባ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም፤ ጓሮው ያርፋል፣ አትክልተኛውም እንዲሁ። ከመሬቱ በታች ግን ድንቹ ሥራ ላይ ነው።

ስለ ድንች ትንሽ ማተት ያሻል። ይህን ተክል ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር ነው፤ በትግራይ ብዙ ዘመን ተቀምጦ በዐድዋ ያረፈ ሰው ሲሆን፣ ድንቹን ያመጣበት ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1858 ዓ.ም. ይባላል። ገበሬው ቶሎ አልተቀበለውም፤ በሰፊው መተከል የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በደረሰው ረጅም የረኃብ ዘመን ነው። ዛሬም ቢሆን በክረምት መትከሉ ያሠጋል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው፣ ሊቃውንቱ ፊቶፍቶራ የሚሉት በሽታ ብርድና እርጥበት በተገናኙበት ሁሉ ስለሚበረታ፣ በሐምሌ ጭጋግ የለመለመ የድንች መደብ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠቁሮ ይወድቃል። ስለዚህ ብዙ የደጋ ገበሬ የሚተክለው በበልግ ወይም በመስኖ ነው፤ እኛም የካቲት ላይ በእጣቢ ውሃ እያጠጣን ጀመርነው፣ የበልጉ ዝናምም ደረሰለት። ሦስት አራት ወር ይፈጃልና የሚወጣው ግንቦት ሲያልቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መግጠም አስተዋልሁ። የሐዋርያት ጾም መግቢያው ከፋሲካ ጋር እየተዘዋወረ ከግንቦት 16 እስከ ሰኔ 20 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፣ መውጫው ግን ሁልጊዜ ሐምሌ 5 ቀን ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ዓመት 15 ቀን ብቻ፣ አንዳንድ ዓመት እስከ 49 ቀን ይሆናል። ይህ ወራት ያለፈው ዓመት እህል የሚሳሳበት፣ የአዲሱ ዓመት ደግሞ ገና ያልተዘራበት ወይም ከመሬት ያልተላቀቀበት ነው። ድንች ከሩቅ አገር በእንግድነት መጥቶ፣ የአገሬው አዝርዕት ያልደረሱበትን ይህን ባዶ ስፍራ አገኘ። የጾመኛው ገበታ ላይ ድንች በአልጫ ይህን ያህል የተወደደው ስለ ጣዕሙ ብቻ አይመስለኝም፤ በጊዜው መገኘቱም ነው። ቆፍረው ካወጡት በኋላ ከብርሃን ሊሰውሩት ይገባል፤ ብርሃን ያገኘው ድንች ልጡ አረንጓዴ ይሆናል፣ እንዲህ የሆነውም ይመርራል፣ የበላውንም ይጎዳል።

ሰኔ 26 ቀን ዘመነ ክረምት ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ በአዲስ አበባ የዓመቱን ዝናም እኩሌታ ያህል ያዘንማሉና፣ ያን ጊዜ የአትክልተኛ ሥራ ውሃ ማምጣት ሳይሆን ውሃ ማስወጣት ነው። መደቡ ከፍ ብሎ፣ ቦዩ በጎንና በጎን ካልተቀደደ፣ ነጭ ሽንኩርት ከሥሩ ይበሰብሳል። ቀንድ አውጣው ሌሊት ሌሊት ችግኙን ይግጣል፤ ጧት ጧት እየለቀሙ ከማጥፋት የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። ባቄላው በሥሩ ላይ ባሉት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቃን ሕዋሳት ጋር ተባብሮ የአየሩን ናይትሮጅን ወደ መሬት ስለሚያገባ፣ ዘንድሮ ባቄላ የነበረበት መደብ ለከርሞ ጎመን ይሰጠዋል። ነሐሴ 1 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲገባ የመጀመሪያው ጎመን ለመቀጠፍ ይደርሳል። ባለጠጋው «ጎመን በጤና» የሚለው በቀልድ ነው፤ በጎተራው እህል ያለቀበት ገበሬ ግን ነሐሴን የሚወጣው በእርሱ ነውና በእውነት ይለዋል።

ይህ የሐበሻ ጎመን የገዛ አገራችን ሀብት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም፤ ሊቃውንቱ ትውልዱን በኢትዮጵያ ደጋ ያደርጉታልና። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን አልጋ ወራሽ ተፈሪን አግኝቶ፣ በየገበያውና በየማሳው የዘር ዓይነት ሰብስቦ ከሄደ በኋላ፣ ኢትዮጵያን ከዓለም የአዝርዕት መፍለቂያዎች መካከል ቈጥሯታል። ይህ ዘር ሲሰበስብ የኖረ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. በሳራቶቭ እስር ቤት በረኃብ ተጎድቶ መሞቱን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሣሁ። በአገራችንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. የዕፅዋት ዘር ማከማቻ ማእከል ተቋቁሟል፤ ማእከሉን ለብዙ ዘመን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅና በማሳው ላይ ጭምር መጠበቅ አለበት በማለታቸው በዓለም የታወቁ ናቸው።

በጓሮ መጠንም ቢሆን ዘር መምረጥ ሐሳብ ይጠይቃል። ከጎመኑ መካከል አንዳንዱ ተቻኩሎ በመስከረም ያነዝራል፣ አንዳንዱ ቅጠሉን እየሰጠ እስከ ኅዳር ይዘገያል። ቀድሞ ያፈራው ዘሩን ቀድሞ ስለሚሰጥ እጅ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ነገር ግን ከቸኳዩ የተለቀመ ዘር የሚወልደው ቸኳይ ነውና፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጓሮው ሁሉ ከቅጠል ይልቅ አበባ የሚያሳይ ይሆናል። ለዘር መተው የሚገባው ዘግይቶ ያነዘረው፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ክሽክሽ የሚሉት ተባይም ያልደፈረው ተክል ነው፤ ይህንም ተክል በጥቅምት ሳለ ክር አስሮ ምልክት ማድረግ ያሻል፣ አለዚያ ጾሙ ሲገባ ሌላው ሰው ቀጥፎ ወጥ ያደርገዋል። ከቸኳዮቹ የተለቀመው ደግሞ አይጣልም፤ የጎመን ዘር ተፈጭቶ እንጀራው እንዳይያያዝ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ይህን ጎረቤቶቻችን ስላወቁ በጳጉሜን ለዓመት በዓሉ እንጀራ ጭብጥ ጭብጥ ሊጠይቁ ይመጣሉና፣ ለከርሞ ለማሰሻ ብቻ የሚሆን አንድ ሁለት ተክል ጨምሬ ሳልተው አልቀርም።